እንዳልከኝ ነው የማፈላው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን ነግሬያለሁ። ይህን ግን ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ መልሼ ስውጠው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ባየው ኖሮ ለእናንተም አልናገርም ነበር።

በአንድ ሰው ላይ ግፍ ሠርቻለሁ። እጄን አላነሣሁበትም። ቢሆንም የግራ ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር መጥቶ እዚሁ የቀረ። እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ቤታችን ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ነው። ልጆቻችን አድገው ከቤት ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤቴ ይመታኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ያለዚህ ነገሩ ስለማይገባችሁ ነው። በወጣትነቱ በቀበቶ ነበር፣ ዕድሜው ሲገፋ በከዘራ ሆነ። ከዘራው ጫፉ ላይ ብረት ነበረው።

ከዚያ ታመመ። ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ ከእምብርቱ በታች ይወጋዋል፣ ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ ያቅተው ነበር። ሐኪሞች የፕሮስቴት እጢ መቆጣት ነው፣ የቆየ ነው ብለው ክኒን ሰጡት። ይሻለዋል፣ ደግሞ ይመለስበታል። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። በመኝታ በኩልም ነገሩ ቀርቶ ነበር፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። እሱ ከሕመሙ ይበልጥ የሚፈራው የሕመሙ ስም እንዳይሰማበት ነበር። ለጎረቤት ኩላሊት ነው ተባለ፤ ያውም የእኔ ኩላሊት። ሐኪም ቤት የምንመላለሰው በእኔ ሕመም እንደሆነ አድርጌ ሰው ሲጠይቀኝ ወገቤን እይዝ ነበር።

ኑረዲን ቤታችን መግባት የጀመረው ያኔ ነው። ጁገል ግንብ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ የሁለት ልጆች አባት። የባቡሩ ሐዲድ ሲሠራ ድሬዳዋ ከቻይኖች ጋር ውሎ ቋንቋቸውን ለምዶ ነበር። ኋላ እዚያው ሥራሥር እየቀመመ ለሚያክም አንድ ቻይናዊ አስተርጓሚ ሆነ። ባለቤቴን ይዞት ሄደ። ሐኪሙ በሁለቱም እጆቹ በኩል የደም ሥሩን ዳሰሰ፣ ምላሱን አስወጥቶ አየ፣ ሌላ ምንም አልነካውም አሉ። ባለቤቴ ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

«ሱሪ ሳያስወልቅ የሚያውቅ ሐኪም አገኘሁ» አለኝ።

መድኃኒቱን ኑረዲን በየሁለት ሳምንቱ ያመጣ ነበር። ጎረቤት እንዳያይ በኮባ ከታሰረ ጫት መሐል ደብቆ ነው የሚያመጣው። ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ በስተርጅና ቃሚ ሆኑ እያለ ይስቅ ነበር። ባለቤቴ ጫት አፉ ገብቶ አያውቅም፤ ሆኖም ቃሚ መባሉን መረጠ። ጫቱ ሲፈታ ከውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ ሥሮች፣ የዛፍ ልጣጮች፣ የነፍሳት ቅርፊት የሚመስሉ ነገሮች ይወጣሉ። አንዱ ጥቅል የአንድ ቀን ነው።

«ጋሼ፣ ቻይኖቹ ይህን ጠጥተው እኮ ነው ተራራውን የበሱት» አለው ኑረዲን በመጀመሪያው ቀን።

«ተራራው ይቅርብኝ፣ ሽንቴ ይውረድልኝ» አለ ባለቤቴ። ሁለቱም ሳቁ። ባለቤቴ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ኑረዲን ወደ እኔ ዞሮ አሠራሩን ነገረኝ። «እትዬ፣ በብረት ድስት እንዳያደርጉት፣ በሸክላ ነው። ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ሦስት ብርጭቆ ውኃ አንድ እስኪሆን ያፍሉት። ጠዋት አንዴ፣ አመሻሽ ላይ ያንኑ አንዴ። ከሁለቴ በኋላ ይድፉት፣ ጉልበት የለውም።»

እንዳለኝ አፈላሁ። ወር ሳይሞላ ባለቤቴ ቀጥ ብሎ መራመድ ጀመረ። መድኃኒቱ ይሁን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ይብረድለት አላውቅም፤ እሱ ግን መድኃኒቱ ነው ብሎ አመነ፣ እኔም አመንኩ። ሸዋ በር ድረስ ብቻውን ደርሶ የተመለሰ ቀን ያቺ የሸክላ ድስት ክዳኗ ተሰንጥቆ አገኘው። እጄን ያዘ። ሁለቱን ጣቶቼን የበሩ መቃን ላይ አድርጎ በሩን ገፋው። አንድ ጊዜ አይደለም። የአጥንቴን ድምፅ ሰማሁት። ጣቶቼ እስከ ዛሬ ጠማማ ናቸው፤ ይህን የምጽፍባቸው እነሱ ናቸው።

ወጌሻው ጣቶቼን አስሮልኝ ስመለስ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ይህን ሰው ያዳንኩት እኔ ነኝ አልኩ። እሳት ያነደድኩት፣ የዘፈዘፍኩት፣ ያጠለልኩት እኔ። ጉልበቱን አፍልቼ በብርጭቆ የሰጠሁት እኔ።

በማግሥቱ አዲሱን ጥቅል አልፈታሁም። ሁለቴ የፈላውን፣ መደፋት የነበረበትን ዝቃጭ ለሦስተኛ ጊዜ አፈላሁት። ከዚያም ለአራተኛ። ቀለሙ ሲነጣ አሮጌ ቅጠል ሻይ ጨመርኩበት። ጣዕሙ ሲጠፋ ከጓሮ ግራዋ ቀንጥሼ ጨመርኩበት። ባለቤቴ መድኃኒትን የሚለካው በምሬቱ ነበር። ብርጭቆውን ጨልጦ ፊቱን እያጨማደደ «ዛሬ በደንብ አድርገሽዋል» ይለኝ ነበር። ያልተፈታውን ጥቅል ልብሴን የማኖርበት ሣጥን ውስጥ፣ ከሠርግ ቀሚሴ ሥር አስቀመጥኩ። የሚቀጥለውንም እንዲሁ። የሚቀጥለውንም።

ሕመሙ ተመለሰ። ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ።

ፈርቼ ነው ልበል? መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ኋላ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ይህን ካልተናገርኩ ምን ተናገርኩ? ሽንት ቤት ገብቶ ግድግዳውን በግንባሩ ሲመታ እሰማ ነበር። «እናቴን» እያለ ሲያቃስት እሰማ ነበር። ውጭ ቆሜ፣ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ አዳምጥ ነበር። ቶሎ አልሄድም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ገብቼ ያንኑ ውኃ አፈላለታለሁ።

ሁለት ወር እንዲህ አደረግሁ።

አንድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ኑረዲን እንደ ልማዱ ጫቱን በብብቱ ይዞ ገባ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ትራስ በተደረገበት ወንበር ላይ ነበር። በዋዜማው ሽንቱ ደም ቀላቅሎበት ነበር። እኔ ከማድ ቤቱ በር ላይ የሸክላ ድስቷን ይዤ ቆሜአለሁ።

«ምንድነው የምታጠጣኝ አንተ?» አለው ባለቤቴ። ሰላምታውን አልመለሰለትም።

«ያው ነው ጋሼ።»

«መጀመሪያ ደህናውን ሰጥተህ ካመንኩህ በኋላ ገለባ! የማን መጫወቻ ልታደርገኝ ነው?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ያው መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ሲቋጥረው በዓይኔ አያለሁ።» ከዚያ ኑረዲን ዞሮ አየኝ። በክፋት አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው። «እትዬ፣ እንዳልኩዎት ነው አይደል የሚያፈሉት?»

ባለቤቴም ዞሮ አየኝ። እጁ ከዘራው ላይ ነበር። ጣቶቹ ሲጠብቁ አየሁ። ያ ከዘራ ያን ቀን ከሁለታችን በአንዳችን ላይ እንደሚያርፍ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር። ሣጥኑ ከቆምኩበት አምስት እርምጃ አይርቅም፤ ጥቅሎቹ እዚያ ናቸው።

«እንዳልከኝ ነው የማፈላው» አልኩ።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ኑረዲን ጫቱን ጣለ እንጂ አልሸሸም፤ በዕድሜ ትልቅ የሆነ ሰው ሲመታው መሸሽ ነውር የመሰለው ይመስለኛል። በሁለተኛው የከዘራው ብረት ፊቱ ላይ ዋለ። ያን ድምፅ አልገልጸውም። የውኃውን በርሜል ተደግፎ ሊቆም ሲል በርሜሉ ከነውኃው ተገለበጠና አብሮ ወደቀ። ባለቤቴ ከወንበር መነሣት ያቃተው ሰው ነበር። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ጎኑን ረገጠው። ሆዱን ረገጠው። እየረገጠ «አዋረድከኝ! አዋረድከኝ!» ይላል። ውኃው በደም ቀላ። ኑረዲን አንድ ቃል ብቻ ነው ያወጣው። «እትዬ» አለ። ሁለት ጊዜ። እኔ ድስቴን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

ጎረቤቶች በሩን በርግደው ገቡ። ያኔ ያየሁትን ስሞት ይዤው እሄዳለሁ። ኑረዲን በአንድ እጁ ዓይኑን ይዟል፣ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል። በሌላው እጁ መሬቱን እየዳበሰ የተበተኑትን ሥሮች በጫቱ ቅጠል ይሸፍን ነበር። ሰው እንዳያይ። የባለቤቴ ምሥጢር እንዳይወጣ።

«በጫት ነው የተጣላችሁት?» አለች አንዷ።

«አዎ» አልኩ።

ዓይኑ አልተረፈም። ነገሩ ወደ ክስ ሳይሄድ ሽማግሌዎች ገቡበት፤ የእኛም የእነሱም። ግቢያችን ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ባለቤቴ «ቤቴ ገብቶ ደፈረኝ» አለ፣ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ኑረዲንን ምን ብለህ ደፈርካቸው ብለው ጠየቁት። ፊቱ ግማሹ በፋሻ ተጠቅልሏል። መሬት መሬት ያያል። የራሱ አጎት «ተናገር እንጂ ልጄ፣ በምን ተነሣ?» ሲለው «አማና ነው» ብቻ አለ። አደራ ማለቱ ነው። የአንድ ሰውን የሕመም ስም አልናገርም ብሎ ያለ ምክንያት ሽማግሌ የደፈረ ባለጌ ተባለ። ባለቤቴ የሕክምናውን ወጪ ቻለ፣ ይቅር ተባባሉ ተብሎ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ለሽማግሌዎቹ ውኃ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በመካከላቸው አልፌ ገብቼ፣ አልፌ ወጣሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ አልመታኝም። ያደረገው ነገር አስፈራው መሰለኝ፤ ከዘራውን ሰብሮ እሳት ውስጥ ጨመረው። በኋላም ሆስፒታል ገብቶ ሲሸሸው የኖረው ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ተሻለው። እኔ በቤቴ ሰላም አገኘሁ። በማን ዓይን እንዳገኘሁት እያወቅሁ ተኛሁበት፣ በላሁበት፣ ጸለይኩበት።

ኑረዲን ከቻይናዊው ሐኪም ጋር መሥራቱን ተወ። አሁን ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣል። በርበሬ ሲሰፍር አቧራው ወደ ቀረችው ዓይኑ እንዳይገባ ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ከሩቅ አየሁትና መንገዴን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ቅመም የምገዛው ከሌላ ቦታ ነው።

ባለቤቴ ዘንድሮ አረፈ። በሠልስቱ ኑረዲን ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናዎት እትዬ» አለ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ጋሼን እኔ አፉ ብያቸዋለሁ፤ ከልቤ ነው። እርስዎ ደግሞ እኔን አፉ ይበሉኝ።»

«በምን?» አልኩት።

«በዚያ መድኃኒት። ሐኪሙ ለውጦብኝ ይሆናል፣ እኔም ሳላውቅ የማይረባ ነገር ተሸክሜ መጥቼ ይሆናል። እንጂ እርስዎ እንደሆነ በትክክል ነው ያፈሉት። ያ ሁሉ ሥቃያቸው በእኔ እጅ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖረ።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። የምፈራው ሰው ሞቷል። ከዘራው ተቃጥሏል። በእኔና በእውነቱ መካከል ማን ነበር? ማንም። እኔ ብቻ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

እጄን ሳመ። ጠማማዎቹን ጣቶቼን ሳመና ተነሥቶ ሄደ።

አሁን ገባችሁ? የመጀመሪያው ውሸቴ የፍርሃት ነው እንበል። ሁለተኛው የምን ነው? ያጠፋሁትን ዓይን ባለቤት ይቅርታ አስለምኜ፣ ይቅር ባይ ሆኜ እንደ ደግ ሴት ተቀመጥኩ። ተመትቼ ነበር፣ ጣቶቼ ተሰብረው ነበር፤ እውነት ነው። ኑረዲን ግን ጣቶቼን አልሰበረም።

ጥቅሎቹ እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ ናቸው። ትናንት አወጣኋቸው። ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፣ ነቀዝ ገብቷቸዋል፣ ሽታቸው ግን አልጠፋም። በዘንቢል አድርጌ ነገ ጊደር መጋላ እወርዳለሁ። አንድ በአንድ በርበሬው አጠገብ እደረድርለታለሁ። መናገር ቢያቅተኝም አስረጂኝ ብሎ አይጠይቀኝም፤ አስተሳሰራቸውን ያውቀዋል፣ እንዳልተፈቱም ያያል።

የሚለኝን ቆሜ እሰማለሁ። ከእናንተ ግን ይቅርታ አልለምንም። ዓይኑ የእናንተ አልነበረም።