በቀትር አቤት አይባልም

ጋኔን የሚወጣው ሌሊት ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የጅቡቲን ቀትር አያውቅም ብላችሁ እለፉት። ሌሊትማ ጅቡቲ ሰው ናት፤ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ሴቶች ደጅ ወንበር አውጥተው ጎረቤት ያማሉ። ጉድ ያለው ቀን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ የሚቅመው ወደ መቃሚያው፣ የሚተኛው ወደ አልጋው ይገባና የካርቲየ 2 ሰፈር ጭር ይላል። ውሻ እንኳ አይጮህም። እንግዲህ ስም የሚጠራው ያኔ ነው።

ዝማሬ ፀጋው እዚሁ ካርቲየ 2 በፈረንጅ 1998 ተወለደች። አባቷ ፀጋው ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። አራት ዓመቷ ሳለ ከአንድ ሰው ጋር በሥራ ተራ ተጣላና በብረት መታው፤ ሰውዬው በማግስቱ ሞተ፣ ፀጋውም አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ላሳምርለት አልፈልግም። እናቷ ዘቢደር ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ልጅቷን ያሳደጓት የቤታቸው አከራይ እማማ ተናኘወርቅ ናቸው። አባታቸው በባቡር ዘመን መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ልብስ በመስፋት የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ደክሞ ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ነበሩ።

እማማ ተናኘወርቅ ሀ ሁ ሳያስቆጥሯት በፊት አንድ ሕግ አስተማሯት።

«በቀትር ስምሽን የሚጠራውን ካየሽው አቤት በዪ። ካላየሽው ግን ሦስት እስኪሞላ አፍሽን ያዢ። እሱ ሁለቴ ጠርቶ ነው የሚያቆመው። ሥላሴን ስለሚፈራ ሦስት አይደፍርም።»

ዝማሬ «እሱ ማነው?» ብላ አልጠየቀችም። ሕጉን ግን ያዘች፤ እንዲያውም ይዛ ሞተች ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት መምህሯ ስም ስትጠራ እንኳ ሦስት ሳይሞላ አልመልስ እያለች ስንቴ ተቆጥታታለች! ፀደይ የምትባል ጓደኛዋ «ሦስቴ» የሚል ስም አወጣችላትና ክፍሉ ሁሉ ሦስቴ፣ ሦስቴ ይላት ጀመር።

ሰባት ዓመት ሲሞላት እናቷ አንድ ዓርብ እስር ቤት ይዛት ሄደች። ጠያቂ ከወዲህ፣ እስረኛ ከወዲያ፣ መሃል ላይ ሁለት የሽቦ አጥር አለ። ጠያቂው ፀሐይ ላይ ነው፣ እስረኛው ጥላ ውስጥ፤ ስለዚህ ሽቦውን የጨበጡ ጣቶች እንጂ ፊት አይታይም። አርባ ሰው በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በአረብኛ፣ በአማርኛ በአንድ ጊዜ ይጮኻል።

«ዝማሬ!» አለ ከጥላው ውስጥ አንድ ድምፅ።

ቀትር ነበር። የጠራትን አላየችውም።

«ዝማሬ!»

«አቤት በዪው እንጂ! አባትሽ ነው!» እናቷ ትከሻዋን ይዛ ወዘወዘቻት።

ልጅቷ አፏን ይዛ ሦስተኛውን ጠበቀች። ፊሽካ ተነፋ። ሦስተኛው ሳይመጣ እስረኞቹ ወደ ውስጥ ተነዱ።

በሚቀጥለው ዓርብ ፀጋው ዘቢደርን «ልጄ ረስታኛለች። ሁለተኛ እንዳታመጫት፤ እንዲህ ሆና ከማያት ይቅርብኝ» አላት። ዘቢደርም ምግቡን ይዛ ብቻዋን መመላለስ ያዘች። ዝማሬ ይህን ስትሰማ ትራስ ነክሳ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕይወቷ አንድ ነገር ብቻ ትፈራ ነበር፤ አባቷ አንድ ቀን ወጥቶ፣ ሳታውቀው በአጠገቧ እንዳያልፍ። ፎቶ አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረ፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ጎፈሬው የተበጠረ ጎረምሳ። እሱን ይዞ ማንን መፈለግ ይቻላል?

ድምፁ መምጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀትር ላይ፣ ከደጅ፣ «ዝማሬ!» ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ዝማሬ!» ከዚያ ዝም። በሩን ከፍታ ስታይ ነጭ መንገድ፣ ከማዶ የተዘጋው የሩቅያ ሱቅ፣ ጥላ የሌለው ግድግዳ፤ ሌላ ምንም የለም። በየቀኑ አይደለም። አንዳንዴ ወር ይጠፋና ተገላገልኩ ስትል ይመጣል። ፀበል ተጠመቀች፣ ክታብ አሰሩላት፤ አልተዋትም። ከፍ ስትል ሙቀቱ ነው፣ ቅዠት ነው እያለች ራሷን ማታለል ጀመረች። አንድ ቀን ግን እማማ ተናኘወርቅ፣ መለከት ቢነፋ የማይሰሙት ሴት፣ የስፌት መኪናቸውን አቁመው አንገታቸውን ወደ በሩ ቀና አደረጉ።

«እንዳትመልሺ» አሏት።

ዝማሬ እስከዚያ ቀን ብቻዋን የምትሰማው መስሏት ነበር።

አንዳንዴ ታዲያ ልትመልስ ይዳዳታል። አባቴ ቢሆንስ? እስር ቤቱ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ድረስ የማን ጉሮሮ ይሰማል? ግን ደግሞ በዚያ ሽቦ ውስጥ የሰማችው ድምፅ ራሱ ነው፤ ያው ቁርጥ፣ ያው ጎርናና። እየናፈቃት ትፈራዋለች፣ እየፈራችው ትናፍቀዋለች። በዚህ መሃል አደገች፤ እማማ ተናኘወርቅ ሲያርፉ የስፌት መኪናቸውን ወረሰች፣ የሰፈሩን መጋረጃና የተማሪ ልብስ እየሰፋች ትኖር ጀመር።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በሰኔ፣ ያ እሳት የሚተፋው ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ ቀትር ላይ መጣ።

«ዝማሬ!»

ቀና እንኳ አላለችም። «ዛሬም መጣህ?» አለች በሆዷ፣ መኪናዋን እየረገጠች።

«ዝማሬ!»

ከዚያ እንደ ወትሮው ዝም። መጋረጃውን ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ በሩ በቡጢ ተደበደበ። ስትከፍት ሩቅያ ናት፣ ባለሱቋ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ልብ የለሽም! ሰውዬው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠራሽ በር አትከፍቺም?»

«የምን ሰውዬ?»

«ከሲታ ነው፣ ሽበታም፣ ፌስታል የያዘ። በመዝጊያዬ ቀዳዳ ሳየው አሳዘነኝና ወጥቼ ውሃ ሰጠሁት። እዚህ የሚያውቀኝ የለም አለና የኢትዮጵያ መኪኖች የሚቆሙበትን ጠየቀኝ። ፒኬ ዱዝ ነው አልኩት፤ ሄደ።»

ለካስ ፀጋው በምሕረት ተፈቷል! አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ማንም ሳይሰማ። ዝማሬ «ወይኔ አባቴ! በር ላይ መለስኩት!» ብላ ያለ ነጠላ ወጣች። እናቷን የምትጠራበት ጊዜ የለም፤ መኪኖቹ ከተነሱ ድንበር ነው፣ ከድንበር ወዲያ ደግሞ አገር ሰፊ ነው።

በታክሲ ፒኬ ዱዝ ስትደርስ ሜዳው ላይ የቆሙት መኪኖች መጨረሻቸው አይታይም። አንድ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ሹፌሮቹ ከየመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ጋደም ብለዋል፤ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው፣ ብዙ እግር፣ ፊት የሌለው።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች።

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

«አባዬ!»

ዝም። ለካስ ሁሉም የእናት ልጅ ነው፤ ሁሉም ያንን ሕግ ተምሯል! በሙሉ ኃይሏ ሦስተኛውን ጠራች።

«አባዬ!»

«አቤት!» አለ ከግራ አንዱ። «አቤት ልጄ!» አለ ሌላው ከቀኝ። ሦስተኛው ከሩቅ መለሰ። ሦስት ሰዎች ከመኪና ሥር እየተሳቡ ወጥተው፣ ዓይናቸውን እያሹ ቆሙ። ሦስቱም ሽበት አላቸው፣ ሦስቱም ከሲታ። ዝማሬ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ የቱ አባቷ እንደሆነ አላወቀችም። ያን ሁሉ ዓመት የፈራችው መጣ።

«ፀጋው የቱ ነው?» አለች በልቅሶ።

«እኔ ጀንበሬ ነኝ» አለ አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጄ ኮምቦልቻ ናት። ድምፅሽ የሷ መሰለኝ።» ሁለተኛው ሁንዴ ነኝ አለ፤ ሦስተኛው ስሙንም ሳይናገር ተመልሶ ተጋደመ። ጀንበሬ ወደ አንድ ተሳቢ በአገጩ አመለከታት። «ያ ይሆን እንዴ? አሁን ነው የመጣው። አንቺ በጠራሽ ቁጥር ያማትባል።»

ሰውዬው ከኋላ ጎማው ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ፌስታሉ ጭኑ ላይ ነው። ዝማሬ ፊቱ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ዝማሬ ነኝ።»

ዓይኑን ገለጠ። አያት፣ አያት፣ ደግሞ አማተበ።

«ያን ሁሉ ዓመት እስር ቤት በቀትር በቀትር ስትጠሪኝ ኖርሽ» አላት ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን መለስኩልሽ? እስከ ዛሬ ድምፅ ብቻ ነበርሽ። ዛሬ ደግሞ ፊት አወጣሽ?»

እጇን ብትዘረጋለት ትንሽ ፈቀቅ አለ። ፈርቷት ይሁን ቦታ ለቆላት አላወቀችም፤ ጎንበስ ብላ የተሳቢው ጥላ ውስጥ ገባች።