የቀቀልኳቸው ሰማያዊ ጨርቆች

ኦሎምፒያ አካባቢ የማጸዳው ሕንጻ ከታች እስከ ላይ መስታወት ነው። መስታወት ደግሞ ምሕረት የለውም፤ አንዲት የጣት አሻራ ብትቀርበት ፀሐይ ስትወጣ ታሳብቃለች። ስለዚህ ሱፐርቫይዘራችን አሥራ ሦስት ሰማያዊ የማይክሮፋይበር ጨርቆች ሲያመጣልን፣ አጠባውን ለማንም አልተውኩም።

ጨርቁ ጥጥ አይደለም። ክሩ በፋብሪካ የተሠራ፣ ከጸጉር የቀጠነ ነው፤ ሲዳስሱት የእጅን ሻካራ ቆዳ ያዝ ያደርጋል። እኔ ግን ያደግሁት በጥጥ ነው። የቆሸሸ ጨርቅ ጠራ የሚባለው ተቀቅሎ፣ በረኪና ገብቶበት፣ ፀሐይ ሲመታው ነው። አንዱን ለመጠባበቂያ በላስቲኩ አስቀመጥኩና አሥራ ሁለቱን በየሳምንቱ ገርጂ ቤቴ ወስጄ ቀቀልኳቸው። ገና ሲመጡም ጠርዛቸው ላይ የተሰፋችውን ነጭ ቁራጭ በመቀስ ቆርጬላቸው ነበር፤ የተንጠለጠለ ነገር አልወድም። አንዷን ቁራጭ የመጽሐፍ ገጽ ማስታወሻ አደረግኋት።

የዋናው በር መስታወት ሥራውን ያስተማሩኝ ትልቅ ሴት ድርሻ ነው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ወር እንዳለፈ፣ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው እሱ ነውና፣ በሩ ላይ ጭረት ጭረት የሚል ጭጋግ መታየት ጀመረ። አንድ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ፣ የእትዬን የመጨረሻ ልጅ የሚያክል ወጣት፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድነው? ላም የላሰችው ይመስላል እኮ!»

«ሁለቴ ጠርጌዋለሁ፣ ልጄ።»

«ዓይንዎ ደክሟል፣ ማዘር። ከዚህ ወር በኋላ ቤትዎ ቢያርፉ ይሻላል።»

እትዬ በሩን ለሦስተኛ ጊዜ መጥረግ ጀመሩ። ያለ ደሞዝ የሚያሳርፍ ቤት እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጬ መጽሐፌን ገለጥኩ። ትምህርት የጀመርኩት ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ አያልፈኝም፤ የታክሲ ጥቅስ፣ ከሾላ ገበያ በርበሬ የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ያቺ ነጭ ቁራጭ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ጤፍ በሚያካክሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተጽፎባታል። በየቀኑ እያነሳሁ ሳስቀምጣት አንድም ቀን አላነበብኳትም።

በፈላ ውሃ አይታጠብ። በረኪና አይጨመርበት።

ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምኩት። አልተሳሳትኩም። ማንም አላየኝም፤ ቁራጯን መልሼ መጽሐፉን ብከድነው ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ተነስቼ ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጥፋቱ የእትዬ አይደለም። ጨርቁን ቀቅዬ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ክሩ ስለተበላሸ መስታወቱ ላይ ጭጋግ ይተዋል።»

«እንዴ! አንቺ ድምፅም አለሽ?» ብሎ ሳቀ። ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ሳቁ አልነበረም። «ቆይ፣ ይሄን ማን ያነባል?»

«እኔ ማንበብ ነበረብኝ።»

አሥራ ሦስተኛውን ጨርቅ ከላስቲኩ አውጥቼ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አርጥበው ጨመቁት፤ እንዳስተማሩኝ ከላይ ወደ ታች የበሩን ግማሽ ጠረጉ። በተጠረገው ግማሽ ታክሲዎቹ፣ ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ሳይቀር ጥርት ብለው ታዩ። ሌላው ግማሽ ጭጋግ እንደለበሰ ነው። ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየና ራሱን አከከ።

«ይቅርታ፣ ማዘር። የትም አይሄዱም።»

«ድሮስ የት ልሄድ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ! ጨርቁን ቀቅለሽ መረቁን እኔን አጠጣሽኝ?» በሩን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቴ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ተምረሽ ምን ሠራሽ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ግን የማሳየው ያንን በር ነው። አዲስ ጨርቆች መጥተዋል። በለብታ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ ከጥጥ ለይቼ አጥባቸዋለሁ፤ ቁራጮቻቸውም አልተቆረጡም። ባልዲውን ስሞላ እትዬ አጠገቤ ይቆማሉ። «እስቲ ቁራጯ ምን እንደምትል አንብቢልኝ» ይላሉ፣ በቃላቸው እያወቁት።

ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።