ማደሪያ ያላገኘችው ድመት

ልጅ ሳለሁ የወንድ አያቴ ተረት የሚጀምረው ኩራዙ ከተለኮሰና ሻሽቱ ጭናቸው ላይ ከተጠቀለለች በኋላ ነበር። ሻሽቱ እናቷ ስትሞትባት በጨርቅ ጫፍ ወተት እያጠባን ያሳደግናት፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ የድመት ግልገል ነበረች። ያኔ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ እየተጠጋ ስለነበር መብራት ጠፍቷል፤ ከአስፋልቱ በኩል የሚሰማው ሰው ጭነው ወደ ደሴ የሚሸሹ መኪኖች ድምፅ ነው። አያቴ ግን ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ማደሪያ ፍለጋ ከደጃፍ ደጃፍ ስለምትዞር ድመት ያወጉን ነበር፤ በየማታው አንድ ደጃፍ እየጨመሩ።

እኛም መሄዳችን እንደማይቀር ሲታወቅ እናቴ ሻሽቱን አንወስዳትም አለች። ቁንጫ ወርሷታል፤ ጡት የሚጠባ ወንድሜን ታቅፋ፣ ሰው በተጠቀጠቀበት ሚኒባስ ውስጥ እሷን ይዛ ልትገባ አልፈለገችም። እኔ አለቀስኩ፤ እህል አልቀምስም አልኩ። አያቴ የእኔን ዕንባ አይችሉም ነበር።

«አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ «ቁንጫዋን አራግፌልሽ፣ ኢንሻአላህ አብራን ትሄዳለች።»

የእንስሳት ክሊኒኩ ተዘግቷል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። አያቴ በሬዎቻቸውን መዥገር ሲይዛቸው የሚያጥቡበትን መድኃኒት ከጓዳ አወጡ። ለበሬ ከሚበጠብጡት እጅግ አሳንሰው፣ ውሃ አብዝተው ጠጉሯን አሹላት። ለትልቁ ከብት ደግ የሆነ ነገር፣ ሲቀጥን ለትንሿ የማይከብድ መስሏቸው ነው። ድመት ግን ገላዋን በምላሷ ነው የምታጸዳው። ሻሽቱ እንደ ልማዷ ጭናቸው ላይ ሆና ራሷን ስትልስ፣ እሳቸው ተረታቸውን ቀጠሉ። የተረቷ ድመት ከአንድ ደጃፍ ደርሳ፣ በሩ ገርበብ ሲል፣ የሻሽቱ ለሃጭ ተዝረከረከ፤ እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አያቴ ተረቱን ትተው ለብ ባለ ውሃ አጠቧት፤ በጋቢያቸው ጠቀለሏት። ፍሙ አመድ ሳይለብስ ሞተች።

«ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ» አሉ።

በማግስቱ ጓሮ ቀበርናትና ወደ ደሴ ሄድን። ጋቢው የመድኃኒቱ ሽታ ስለነበረበት አያቴ መንገዱን ሁሉ በብርድ ተጓዙ።

ከስደት ስንመለስ ማታ ማታ ማውጋታቸውን አልተዉም፤ የጅቡንም የጦጣዋንም ነገሩን። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «አባባ፣ ያቺ ድመት ማደሪያ አገኘች?» አልኳቸው። ፍሙን ሲቆሰቁሱ ቆይተው፣ «ረሳሁት የኔ ልጅ» አሉኝ። አያቴ ተረት ረስተው አያውቁም ነበር።

ካደግሁ በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ የከብት መድኃኒት ቢቀጥንም ለድመት ግልገል መርዝ መሆኑን ነገረኝ። ለዕድሜዋና ለክብደቷ የሚሆን መድኃኒት ሐኪም ይመርጥላታል፤ እሱ እስኪገኝ ድረስ ለብ ያለ ውሃና ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ ይበቃት ነበር። ለብ ያለው ውሃ እቤታችን ነበረ። ይህን ለአያቴ ልነግራቸው አልቻልኩም።

አሁን እሳቸውም የሉም። የሌሎቹ ተረቶች መጨረሻ አንድ በአንድ እየጠፋኝ ነው። ያቺ ድመት ግን እስከ ዛሬ ገርበብ ካለው በር ፊት ቆማለች፤ ገባች ብሎ የሚጨርስልኝ የለም።