ሉቃስ ያልሰማው ዘፈን

ሉቃስን የማውቀው ጂንካ ሞባይል የሚባል ነገር ሳያይ ነው። የሚለየን አንድ የእንጨት አጥር ነው፤ እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ። ስፈልገው «አንተ ሉቃስ» ብዬ እጣራለሁ እንጂ በዕድሜዬ ስልክ ደውዬለት አላውቅም ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልጋችኋለች።

እኔ ያለምወርቅ እባላለሁ። አባቴ ከጎጃም ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እኔም መናኸሪያው አጠገብ እህል እሸጣለሁ። ሉቃስ ደግሞ የአሪ ልጅ ነው፣ ከከተማው በላይ ካለው ደጋ የወረደ። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ሌሊት ጮክ ብሎ ሲጸልይ በማግስቱ «እግዜር መስማት ተሳነው እንዴ» እለዋለሁ፤ እሱም «እርስዎ ገበያ ላይ ሲቆጡማ ወይጦ ድረስ ይሰማል፣ እትዬ» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን አረጀን።

ድሮ ሉቃስ እንዲህ ጨዋ አልነበረም። ደርግ የወደቀ ሰሞን ጎረምሳ ነበር፤ በአረቄም በጭፈራም የታወቀ። ገበያ ቀን ሲዘፍን ሰው ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ይሰማው ነበር። በኋላ አገባ፤ ሚስቱ ሩቲን በወለደች በዓመቱ ሞተችበት። ያን ጊዜ ሕፃኗን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያናቸው ገባና ከእንግዲህ መጠጥ አልቀምስም፣ ዘፈንም ከአፌ አይወጣም አለ። ብዙ ሰው ስቆበታል፣ እኔም ስቄበታለሁ። ቃሉን ግን ጠበቀ። መዝሙር እየመራ፣ ልጁን ለብቻው አሳደገ። ሹሩባዋን ሳይቀር ራሱ ይሠራላት ነበር፤ ጠማማ ሹሩባ፣ እኔ እየሳቅሁ ፈትቼ እንደገና የምሠራው።

ዘበኝነት ሲሠራ ከርሞ ሞተር ሳይክል ገዛ። የቀይ አፈር ከተማ ነጋዴ ጭኗል፣ ፈረንጅ ጭኗል፣ ፍየልም ጭኗል። ስሙ የተነሣው ግን በወላድ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል መኪና አይወጣም፤ ምጥ የያዛት ሴት በሉቃስ ሞተር ነበር የምትወርደው፣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ደግፋ ይዛት። አንዲት ወላድ ጥሎ አያውቅም።

ለዚህም የራሱ ሕግ ነበረው። የደጋ ሰው ስልክ አለው፣ በስልኩ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ሂሳብ የለውም። ስለዚህ ሉቃስ እንዲህ አለ፦ አንድ ሚስድ ኮል ማለት ሰላም ነን ማለት ነው፤ ሁለት ተከታታይ ሚስድ ኮል ማለት ድረስልን ማለት ነው። ስልኩን አንሥቶ የማንንም ካርድ አያስበላም። ሁለቴ ከጠራ ቁልፉን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ የጀመረውን እህል እንኳ አይጨርስም። ይህን ደጋው በሙሉ ያውቃል።

ሩቲ አድጋ እዚያው ደጋ ለዘሩባቤል ተዳረች። ልጁ ወይጦ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ስለያዘ ቤቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሩቲ የምትኖረው ከአማቷ ከጋሽ ተሰማ ጋር ነበር፤ ስልኩም እሳቸው ጋ ነው። ጋሽ ተሰማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ደግ ናቸው፣ ግን ደረቅ። መንገድ ላይ ከሬዲዮ ዘፈን ከሰሙ እርምጃ የሚያፈጥኑ ሰው ናቸው። ሩቲ ካረገዘች ወዲህ እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲወጡ አንዴ ደውለው ይዘጋሉ፤ ሉቃስ ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ልጄ ሰላም ናት» ይለኛል።

ኮሮና ከገባ በኋላ ባለው ክረምት ነው ነገሩ የመጣው። አንድ ቀን ሉቃስ ስልኩን እያየ ሲስቅ አገኘሁት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወደ ተሻለ ጥቅል ተሸጋግረዋል ይለኛል» አለ። ያን ሰሞን በስልክ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣ ወጣልዎት» እያሉ ሰው የሚዘርፉ ሌቦች በዝተው ነበር፤ ፓስተራቸው ሳይቀሩ መድረክ ላይ ወጥተው «እንኳን ደስ አለዎት ከሚል መልእክት ሽሹ» ብለዋቸዋል። ሉቃስም እንደ ታዘዘው አጠፋው። ታችኛውን መስመር አላነበበውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ከሉቃስ መራቅ ጀመረ። ምን እንደ ነካቸው እሱም አላወቀ። ሰላምታ ይሰጡታል፣ ዓይኑን ግን አያዩትም። ፓስተሩ ጠርተው «ወንድም ሉቃስ፣ ለጊዜው ከመዝሙሩ ዕረፍት አድርግ» አሉት። ለምን እንደ ሆነ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። «አርጅቼ ይሆናል፣ ድምፄ ሻክሮ ይሆናል» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ግን እንዳዘነ ያስታውቅ ነበር። እኔ ተናደድሁ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለብን፤ ሰው ገደል ሲገባ እያየን እንዳናሳፍረው ብለን ዝም እንላለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያወራውን እሱና ጎረቤቱ እኔ ብቻ አልሰማንም።

የቅዳሜ ገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። እኔ ግቢዬ ውስጥ በቆሎ አበጥራለሁ፣ እሱ የሞተሩን ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። ስልኩ ጠራ። አንዴ። ሁለታችንም እጃችንን ገታ አድርገን ጠበቅን። ሁለተኛ አልጠራም። አንሥቶ አየውና «ጋሽ ተሰማ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜም አስታወሱኝ፣ ሰላም ናቸው» አለ። ደስ ብሎት ነበር። ዘይቱን መቀባቱን ቀጠለ።

በማግስቱ ጧት ሰው ወረደና ሩቲ ሞተች አሉን። ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላ ነበር፤ ደሙ ግን አልቆም አላት። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲወርዱ ዝናብ ያዛቸው፣ ጭቃው እግራቸውን ያዘው። የጂንካ ቆርቆሮ ከታች እየታየ እዚያው ቃሬዛው ላይ አለፈች። ሞተር ቢኖር ትተርፍ ነበር ብለው የነገሩን የተሸከሟት ሰዎች ናቸው፤ ሞተሩ ለምን እንዳልተጠራ ግን እነሱም አያውቁም። ሉቃስ አላለቀሰም። «አንዴ ነው የጠራው» ይላል፣ መልሶ መላልሶ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ። ሐዘን አዞረው ብለን አዘንንለት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ተሰማ ለቅሶ ሊደርሱ ወረዱ፤ ሉቃስ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከእሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሉቃስ ኪሱን ይዳብሳል። ስልኩን የት እንደ ጣለው ጠፍቶታል። «ቆይ ልደውልበትና ስትጠራ እናገኛታለን» አልሁ። ቁጥሩን በቃሌ አላውቀውም፤ አጥሩ በር ላይ «የሞተር አገልግሎት» ብሎ ከጻፈው ላይ እያየሁ መታሁት።

ጆሮዬ ውስጥ ዘፈን ተለቀቀ። ቅጅልኝ፣ ድገሚኝ የሚል ወንድ፣ ከኋላው ጭብጨባ፣ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ የሴቶች እልልታ። ቁጥር የተሳሳትሁ መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት ግን የሉቃስ ስልክ ከፍራሹ ሥር መጥራት ጀመረ። ወንዱ በጆሮዬ ይዘፍናል፣ ስልኩ ከፍራሽ ሥር ይጮሃል። ሄጄ ስልኬን በሉቃስ ጆሮ ላይ ያዝሁለት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሰማው። የገዛ ስልኩ ለሚደውልለት ሰው ምን እንደሚል ሲሰማ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ተሰማ። እንደገና ደውዬ ስልኬን ዘረጋሁላቸው። እሳቸውም ሰሙ።

«ያን ቀንም ይኸው ነበር» አሉ። «ከዚያ በፊት እሑድ ዕለትም ይኸው ነበር። ከከተማ የመጡት፣ ሉቃስ ወደ ዓለም ተመልሷል፣ ስልኩም ከመጠጥ ቤት ነው የሚነሣው ሲሉ እኔ አላመንሁም ነበር። ቅዳሜ ምጡ ሲጠናባት ደወልሁ። አንሥተህ ጠረጴዛ ላይ የጣልኸው መሰለኝ። ጭብጨባውን ሰማሁ። የሰከረ ሰው ሞተር ላይ ልጄን አልጭንም አልሁና ዘጋሁት። ለሷ አልነገርኋትም። አባትሽ ይመጣል ብያት ነው የወጣሁት።»

ሉቃስ ቀና ብሎ አያቸው። «አንዴ ነው የደወሉት» አለ። «እኔ ደግሞ ሰላም ነን ያሉኝ መሰለኝ።»

በሳምንቱ እጁን ይዤ ወደ ስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ነበረች፣ ክፋት የለባትም። «አባቴ፣ ፓኬጅዎ አፕግሬድ ሆኗል፤ የጥሪ ማሳመሪያው፣ ለሚደውልልዎት ሰው የሚሰማው ዘፈን፣ አብሮ የሚመጣ ነው» አለችው።

«ማን ጠየቀ?» አልሁ እኔ።

«ሜሴጅ ተልኮላቸዋል፣ እናቴ። ካልፈለጉ መልሰው መላክ ነበረባቸው። ዝም ካሉ ሲስተሙ እንደ ተስማሙ ነው የሚወስደው።»

ደሜ ፈላ። «በየትኛው አገር ነው ዝም ያለ ሰው ቤት ገብቶ የሚዘፈነው?» አልኋት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ ግን አጥሩን መነቅነቅ አይደለም፣ ቤቱ ገብተው መጠጥ ቤት ከፍተውበታል። በአፉ ያልዘፈነውን ሰው በስልኩ አዘፈኑት። ልጅቷ አቀረቀረች። «ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለች።

ሉቃስ «አጥፊልኝ» ብቻ አለ። ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካች፣ ጠፋ። ይኸው ነበር ሥራው። ከዚያም እንዳስተማሯት «ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። ሉቃስ ጥቂት አሰበ፤ ከልቡ ነበር የሚያስበው። «የለም» አላትና ወጣን።

ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ መጥተው እግሩ ላይ ወደቁ፤ ይቅር አላቸው። ወደ መዝሙሩ ተመለስ ሲሉት ግን እንቢ አለ። አሁን የሚቀመጠው ከኋላ ነው፣ አፉን ሳይከፍት።

ሕፃኗ ጋሽ ተሰማ ቤት ታድጋለች፤ ጤነኛ ናት፣ ወፍራም። እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲወጡ ጋሽ ተሰማ እንደ ድሮው አንዴ ደውለው ይዘጋሉ። ስልኩ አንዴ ይጠራል፣ ሉቃስ ይነሣል፣ ሞተሩን ያስነሣል። ዝናብም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን ደጋ ድረስ ወጥቶ ልጅቷን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።

«አንተ ሉቃስ» እለዋለሁ በአጥሩ ላይ፣ «አንዴ እኮ ነው የጠራው። ሰላም ነን ማለት ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» ይለኛል፤ ቁልፉን ይዞ ይወጣል።