በሁዳዴ የተወለዱ ዓሣዎች

ሲኞራዋ የሰጡኝ ዓሣ አንዲት ብቻ ነበረች። ከአውራ ጣቴ አትረዝምም፤ ያረጀች፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሆዷ ግን ሊፈነዳ የደረሰ። የቀሩትን ዓሣዎች ሰዎች እያማረጡ ሲወስዷቸው እሷን የፈለጋት አልነበረም።

ሲኞራዋ አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፉ ጣሊያናዊት ነበሩ። መካኒክ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስፌቱን ዘግተው ጣሊያን አገር ወዳለች እህታቸው ሊሄዱ ተነስተዋል። እኔ በአንድ የንግድ ቤት የአማርኛ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያ ዘመን አስመራ ውስጥ መንግሥት ቤት የሚገባ ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ይጻፍ ስለነበር የመውጫ ማመልከቻቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም ለድካምህ ብለው ዓሣዋን ከነመስታወት ገንዳዋ ሰጡኝ።

“የእሷን አያቶች ባሌ ምጽዋ ላይ ከአንድ መርከበኛ ተቀብሎ በቆርቆሮ ይዟቸው መጣ” አሉኝ፣ ትግርኛና አማርኛ እየቀላቀሉ። “እሱ እስኪሞት ዘራቸው አልተቋረጠም። ሰዎች የወሰዷቸው ሁሉ ሞተዋል፤ እሷ የመጨረሻዋ ናት። እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች። ልጆቿን በሕይወት አሳየኝና ልሂድ።”

“መቼ ነው የሚሄዱት?”

“ከአንድ ወር በኋላ። ግን አንተ መቀመጥ ትችላለህ? ማመልከቻዬን እንኳ ቆመህ ነው የጻፍከው።”

እውነታቸውን ነው። ያን ዓመት የትም መቀመጥ አልሆነልኝም። ከሥራ ስወጣ እግሬ ዝም ብሎ ከከተማው ዳር እስካለው መንደር፣ እስከ ዓዲ ጓዕዳድ ይወስደኛል፤ እዚያ ስደርስ ለምን እንደመጣሁ አላውቀውም፣ እመለሳለሁ። እኩዮቼ ከሰፈሩ እየተመናመኑ ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ገባ፣ አንዱ ሱዳን ተሻገረ፣ ሌላው ደግሞ ቤተሰቡ “ገጠር ሄዷል” ብለው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት ቦታ ሄደ። እኔም የት እንደምሄድ ሳልወስን አልጋዬ ሥር ግማሽ የተሞላ ሻንጣ ነበረኝ። ግጥም እሞክራለሁ። ደብተሬ በመጀመሪያ ስንኞች የተሞላ ነበር፤ ሁለተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ስለማልችል ሌላ እጀምራለሁ።

የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ ለፀሐይ የተመቸ ነው። ገንዳውን ከሁለት ሰዎች ጋር ተሸክመን እዚያ አስቀመጥነው። አከራዬ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ነበር። አደይ እላቸዋለሁ፣ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸውም ወደይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ሁዳዴ ሊገባ በነበረበት ሰሞን የፍስክ ድስታቸውን ሁሉ በአመድ አሽተው፣ በሣጥን ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረውታል።

“ወደይ፣ ዓሣ እዚህ መኖሩን አልከለክልም” አሉኝ። “ከምጣድ እስካልደረሰ ድረስ። ግቢዬ ውስጥ በጾም ፍስክ ከሸተተኝ ግን አንተም ዓሣህም ትወጣላችሁ።”

እናት ዓሣ የወለደችውን ትበላለች። ሲኞራዋ በነገሩኝ መሠረት መደበር ገበያ ወርጄ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የዘይት ጣሳ በምስማር እንዲበሳሳልኝ አደረግሁ። “ውኃ የማይዝ ጣሳ ለምንህ ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። ዓሣዋን በጣሳው ውስጥ አድርጌ ከገንዳው ጠርዝ ላይ አንጠለጠልኩት። ስትወልድ ልጆቿ በቀዳዳው ሾልከው ወደ ገንዳው ይወርዳሉ፤ እሷ አትደርስባቸውም።

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ኮቴን እየለበስኩ ሳለ ከጣሳው ሥር አንድ ትንሽ ጠብታ ወረደች። ታጥፋ ነበር የወጣችው፤ የገንዳውን ወለል ስትነካ ተዘረጋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወዲያው ተስፈንጥራ ወደ ላይ ወጣች። ሁለት ዓይንና አንድ ክር ብቻ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ ቀዳዳውን ስቶ ጣሳው ውስጥ ሲቀር እናቲቱ ዞር ብላ ዋጠችው። ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። የዚያን ቀን ቢሮ የገባሁት አንድ ሰዓት አርፍጄ ነው።

መውለዷን ስነግራቸው ሲኞራዋ ከመስኮታቸው “የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ አሽተህ ስጣቸው! በመርፌ ጫፍ ያህል! ከዚያ አይብለጥ!” ብለው ጮኹ። ደግነቱ በጣሊያንኛ ነበር፤ እኔ ጥቂት እሰማለሁ፣ አደይ ግን አልገባቸውም።

እንቁላሉን ከገበያ በካልሲ ውስጥ ደብቄ አመጣለሁ። በጢም መላጫ ጣሳዬ፣ በራሴ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ በሬን ዘግቼ እቀቅላለሁ። የመርፌ ጫፉ ግን አልሆነልኝም። የዓሣ ጫጩቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ የራባቸው ይመስለኛል፤ ስገባ እጨምራለሁ፣ ስወጣ እጨምራለሁ፣ ስንኝ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ እጨምራለሁ። ከዚያ መስታወቱን በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ ይበሉ እንደሆነ አያለሁ። በአንዳንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ሞተው አገኛለሁ። እናቲቱም በአሥረኛው ቀን በጎኗ ተንሳፈፈች። እንግዲህ ዘሩ እነዚያ ክሮች ብቻ ሆኑ።

ሲኞራዋ በየጠዋቱ ከመስኮት “ስንት?” ይላሉ።

“ሃያ!” እላለሁ። አሥራ አንድ ነበሩ።

አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ ጋዜ አልቋል። አደይ ቅዳሴ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ፎርኔሏቸው፣ የከሰል ምድጃው፣ ፍም ይዟል፣ በራዳቸው አጠገቡ ተቀምጧል። ጋዝ ልግዛ ብል ሩቅ አልነበረም፤ መጠበቅ ግን አልቻልኩም። እንቁላሌን በሻሂ በራዳቸው ቀቀልኩ። ዛጎሉ ተሰንጥቆ ነጩ ትንሽ ፈሰሰ። በራዱን አለቅልቄ ወደ ቦታው መለስኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቢሮ ልመለስ ስወጣ አደይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም።

“ና ወደይ፣ ሻሂ ጠጥተህ ሂድ!”

ከበራዱ ለእኔም ለራሳቸውም ቀዱ። ቆሜ ጠጣሁ። እሳቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው ጠጡ።

ሦስት ቀን ቻልኩት። ብናገር ክፍሉን አጣለሁ፤ ገንዳው ውኃው ሳይፈስስ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ጫጩቶቹም ያን መንገድ አይተርፉም። ዝም ካልኩ ሲኞራዋ የባላቸውን ዓሣዎች አይተው ይሄዳሉ። ሒሳቡ ቀላል ይመስለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን አደይ ሽሮአቸውን እያማሰሉ “ዘንድሮ ጾሙ ቀሎኛል” አሉኝ። “ሠላሳ ዓመት፣ አንድም ቀን አልገደፍኩም። እመብርሃን ትመስገን።”

“አደይ” አልኩ፣ “እንቁላል ቀቅያለሁ።”

“በክፍልህ?”

“በክፍሌም። አንድ ቀን ደግሞ በበራድዎ።”

ማማሰሉን አቆሙ። “ለራስህ?”

“ለዓሣዎቹ።”

“ዓሣ እንቁላል ይበላል?”

“ጫጩት እያለ።”

“ዋይ ኣነ! ፍስክ ፍስክን ይበላል? ያውም በእኔ በራድ?” ድስቱን አወረዱ፣ ነጠላቸውን ደረቡ፣ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ።

ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳብኩት። ቀሪውን ግማሽ መሙላት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንድ ማሰሮ አጥቤ ጫጩቶቹን ለመጨለፍ ስታገል አደይ በሬ ላይ ደረሱ።

“ሳላውቅ ስለጠጣሁ ዕዳው የእኔ አይደለም ብለውኛል። እኔ ግን እሰግዳለሁ። የአንተን ደግሞ አንቺው ፍረጂ አሉኝ።” ሻንጣውን በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር መለሱት። “እንቁላሉ ይወጣል። አንተ ትቀመጣለህ። ዓሣዎችህ ይጾማሉ።”

“ይሞታሉ አደይ።”

“አሁንስ እየኖሩልህ ነው?” ጎንበስ ብለው ገንዳውን አሸተቱና አፍንጫቸውን ያዙ። “ውኃው ገምቷል! ይኼ ነዋ ሳምንቱን ሙሉ የሸተተኝ! እኔ የመንገዱን ቱቦ ነበር የምረግመው።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያልተበላው አስኳል ሁሉ ታች ተኝቶ በስብሷል። ጫጩቶቹን የገደላቸው ረሃብ አልነበረም፣ እጄ ነበር።

አደይ ግቢው ውስጥ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውኃ የሚያጠራቅሙበት በርሜል ነበራቸው። በማንኪያ የበርሜሉን ግድግዳ ፍቀው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር አወጡ። “ይኼ ጾም ነው” አሉ። ገንዳውን አጸዳንና ከዚያው በርሜል ቀናት ከሰነበተው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርን። ጫጩቶቹ አረንጓዴውን በጥርጣሬ ዞሩት፣ ከዚያ መልቀም ጀመሩ።

ሰዓቱንም የወሰኑት እሳቸው ናቸው። “ከቅዳሴ ስመለስ፣ እኔ ስበላ ይበላሉ። ከዚያ በፊት እጅህን እንዳታስገባ።”

በምሳ ሰዓት ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ። ያን ያህል የከበደኝ ሥራ አላስታውስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የበሩ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ “ስማ! አሁን!” የሚል ጩኸት። ሁለት ሞቱብኝ። በማግሥቱ የሞተ የለም። በማግሥቱም የለም። ቁጥራቸው ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ሲኞራዋ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። ማኪናው ደጅ ይጠብቃቸዋል። መነጽራቸውን አጥልቀው ለረጅም ጊዜ ቆጠሩ።

“ሃያ ብለኸኝ ነበር።”

“ዋሽቼ ነው።”

“አውቃለሁ። ባሌም ስንት እንደሞቱ አይነግረኝም ነበር።” ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ሳይነኩ አስጠግተው ያዙ። አንዷ ጫጩት ቀርባ አየቻቸው። “ምን አበላሃቸው?”

“ጾም” አሉ አደይ ከኋላዬ። “ከእኔ ጋር።”

ሲኞራዋ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እየሳቁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ማኪናው ሁለቴ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ከገንዳው አልራቁም። ሲሄዱ ከመንገዱ ማዶ ዞረው ሁለቱን እጃቸውን አነሱ፣ ዘጠኝ ጣት ዘርግተው፣ አንዱን አጥፈው።

የፋሲካ ጠዋት ለመልበስ ንጹሕ ሸሚዜን ከሻንጣው አወጣሁ። የአንዱ ጫጩት ጅራት ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ወጥቶ ነበር፤ ወንድ ነው ማለት ነው። አደይ የተቀቀለ እንቁላል በሰሃን ይዘው ገቡ።

“እነሱም ጾማቸውን ይፍቱ እንጂ” አሉና ከአስኳሉ በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩ።

“በመርፌ ጫፍ፣ አደይ! በመርፌ ጫፍ ብቻ!”

“እስቲ ዝም በል፣ ዛሬ ደግሞ አስተማሪ ሆነህ?” ግን ከቆነጠሩት አብዛኛውን መልሰው፣ የቀረችውን በጥፍራቸው ላይ አሽተው ውኃው ላይ ነሰነሱ። ዘጠኙም ወደ ላይ መጡ። ምንም አልተረፈም።

“ቀሪው የአንተ ነው” አሉኝ፣ ሰሃኑን ወንበሩ አጠገብ እያስቀመጡ።

ቁጭ ብዬ በላሁት።