አንዴ ለግራ፣ ሁለቴ ለቀኝ

ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሞተር ያደረሱኝ ሰውዬ ስልሳን የተሻገሩ ይመስላሉ። የቆዳ ጃኬታቸው ክርኑ ላይ ተልጧል፤ ጫማቸው ግን ተወልውሎ ያበራል።

ከኋላቸው ስቀመጥ «ጀቤሲ ቀበዹ፣ ጠበቅ አድርጊ» አሉኝ። «ኩርባ ላይ ጉልበትሽን አንዴ ከነካሁሽ ወደ ግራ፣ ሁለቴ ከነካሁሽ ወደ ቀኝ ከእኔ ጋር ዘንበል በይ። የምንወድቀው ፈርተሽ ወደ ሌላው ጎን ከሸሸሽ ነው።»

ግድቡ አጠገብ ያለው ኩርባ ሲቀርብ ፍጥነት ቀነሱ። በግራ እጃቸው ጉልበቴን አንዴ ነካ አደረጉና እጃቸውን ወደ መሪው መልሰው የግራ ጫፉን በስሱ ወደ ፊት ገፉት። ሞተሯ ወደ ግራ ዘነበለች፤ እኔም አብሬ ዘነበልኩ። ባሕር ዛፉ በጆሮዬ በኩል ሲያልፍ ፍርሃት ትዝም አላለኝ።

ከኩርባው ወዲያ አወረዱኝ።

«ጎበዝ ነሽ» አሉ። «እሷ እንኳን ከኋላዬ መቀመጡን እስክትለምደው ብዙ ታግላለች።»

እሷ ማን እንደሆነች ሳልጠይቅ አዙረው ሄዱ። ቆሜ አየኋቸው። ያው ኩርባ ጋ ሲደርሱ ግራ እጃቸው ወደ ኋላ ተዘረጋና ባዶውን መቀመጫ ሁለቴ ነካ አደረገ። ከዚያ ሞተሯ በእርጋታ ወደ ቀኝ ዘነበለች።