ያላቋረጥኩት የመምህሩ ጨዋታ

ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ልገፋ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ሦስት ነገር አስተማረችኝ፦ መንገደኛው ሳይቀመጥ ፍሬኑን ያዝ፣ የእግር ማሳረፊያውን አውርድ፣ ቁልቁለት ላይ ወንበሩን አዙረህ ወደ ኋላ እየተራመድክ ውረድ። አራተኛውን ያስተማሩኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። መምህሩ ድሮ በስደት የመጡ ያገሬ ሰው፣ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። በጠና ወደ ታመመው ታናሽ ወንድማቸው፣ ወደ ሲያትል ሊሄዱ ነበር። ጭናቸው ላይ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ አለ፤ አንድ ስኮትላንዳዊ የጻፈው የጀብዱ ልብ ወለድ።

ፍተሻውን አልፈን መሳፈሪያው በር አጠገብ ስንደርስ አቁመኝ አሉና ስለ ደራሲው ያጫውቱኝ ጀመር። ይህ ሰው ቀልዱን የሚያመጣው ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ነው አሉ። ጀግናውም ፈሪ ነው፤ አሽከሩ ይስቅበታል፣ እሱ ግን ይሄዳል።

ሰዓቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ተሳፋሪው ገብቶ ሊያልቅ ነው። ግን ታላቅ ሰው እየተናገረ ይበቃል እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝና ራሴን እየነቀነቅኩ ማዳመጤን ቀጠልኩ። ጀግናውን ባሕር አሻግረው ምዕራፉን ሲጨርሱ፣ የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ በሩ ተዘጋ።

አፈርኩ። "ጋሼ፣ ፍላይቱ አመለጠዎት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላቋርጥዎት ፈርቼ ነው" አልኳቸው።

መጽሐፉን ዘጉት። "የኔም ነው። ሲጠሩን ሰምቻለሁ" አሉ። "ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ስንት ዓመታችን። ምን ብዬ ፊቱ እንደምቆም ጨንቆኝ ጨዋታ አስረዘምኩ። ይኸው ዕድሜ ልኬን ፈርቶም ስለሚሄደው ስለዚህ ፈሪ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔው ፈርቼ ቀረሁ።"

ለአለቃዬ ሳልደብቅ ተናገርኩ። የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝና ከሰዓት በኋላ በሚሄደው በረራ ቦታ አስገኘችላቸው። ሺፍቴ ቢያልቅም አብሬያቸው ቆየሁ። ለመሳፈር ሲጠሩን መጽሐፉን ገልጠው ሌላ ምዕራፍ ጀመሩ። የወንበሩን ፍሬን ፈታሁ።

"ጋሼ፣ ይበቃል። እንሂድ።"

ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁና "ግፋ" አሉ።

በሳምንቱ ሲመለሱ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ወንድማቸውን በሕይወት አግኝተውት ታርቀዋል። መጽሐፉን ለሱ ትተውለት ባዶ እጃቸውን መጡ።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ፍሬኑን፣ የእግር ማሳረፊያውንና ቁልቁለቱን ካሳየሁ በኋላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ በር ሊዘጋ ሲል ታላቅህን አቋርጥ።